አምስተኛው ጭረት

ባለፈው ወር ሮቤ ገበያ ዳር መኪናዬን አቁሜ ቲማቲም ስመርጥ፣ አንድ ባጃጅ ሲታጠፍ በሩን ከእጀታው እስከ ኋላ ጎማው ድረስ ጫረው። ሹፌሩ ፂሙ የሸበተ ሰው ነው። ዘሎ ወረደና ጭረቱን በእጅጌው እየፈተገ ሊያጠፋው ይታገል ጀመር፤ እንደማይጠፋ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ስልኬን አውጥቼ ኢንሹራንስ ቢሮ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ በለሰለሰ ድምፅ "ጉዳቱን ያደረሰው ማን ነው? ስሙን ይንገሩኝና ከፖሊስ ወረቀት ያምጡ" አለችኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። "ትንሽ ቆይቼ ልደውልልሽ" አልኳት።

ሰውዬው እጅጌውን እንደጨበጠ ቀና ብሎ አየኝ። የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር፤ ጎባ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ፣ ሰባት ዓመቴ።

አባቴ አቶ ተክለማርያም የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከአባቱ የደረሰውን መሬት ሸጦ አመድማ ላንድሮቨር ገዛና ከጎባ ሮቤ፣ ከሮቤ ጊኒር ሰው እንድታመላልስ አሰማራት። እሱ ራሱ መንዳት አይሆንለትም። መሪ የጨበጠ ቀን ዶሮውም ውሻውም ከመንገድ ይሸሻል፣ እናቴ ደግሞ ከቤት ሳትወጣ ታማትባለች። ስለዚህ መኪናዋን የሚነዳት ወዚር ነበር። ወዚር የሮቤ ልጅ ነው። እናቱ አዴ ሃጂራ ብቻዋን ያሳደገችው፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ፣ ቀጭን ጎረምሳ። እኔን "ኢንተላ" ነበር የሚለኝ፤ በኦሮምኛ ልጅት ማለቱ ነው። ከጊኒር በተመለሰ ቁጥር ጭኑ ላይ አስቀምጦ ክላክስ ያስነፋኛል። በዚያ ዕድሜዬ ከአባቴና ከወዚር አንዱን ምረጪ ብባል ምን እንደምመልስ አውቅ ነበር፤ ደግነቱ የጠየቀኝ የለም።

ኢንሹራንስ የሚባለውን ቃል ወደ ቤታችን ያመጣው አቶ ገብረ መድኅን ነው። ምስማርና ላምባ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ በዚያ ላይ ለአንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ ወኪል ነው። የታናሽ ወንድሜ የክርስትና አባት ስለሆነም ለአባቴ አበልጁ ነው፤ ወጥ ሲወጠወጥ ሳይጠራ የሚመጣ፣ ሲመጣም የሚወደድ ሰው። ማታ ማታ ሲጨዋወቱ እሰማለሁ። "ኢንሹራንስ ይከፍላል።" "ኢንሹራንስ ግን ይጠይቃል።" "ኢንሹራንስ ውሸት አይወድም።" እኔም ይህን ሰው በልቤ ቅርፅ አወጣሁለት። ሆዱ የቀደመ፣ ካፖርት የለበሰ፣ አዲስ አበባ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰውን መኪና ሁሉ የሚያይ ሽማግሌ አድርጌ። አባቴ ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርግ ከጠቅላይ ገዥው ሳይበልጥ አይቀርም አልኩ።

በዚያ መጋቢት ወዚር ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር የሚሄዱ ተሳላሚዎችን አድርሶ መልሶ መጣ። ዝናቡ ገና ማካፋት ጀምሯል፣ መኪናዋ እስከ መስኮቷ ጭቃ ለብሳለች። ወዚር እንደወረደ ክላክሱን ሳያስነፋኝ ቀርቶ ባልዲ ፍለጋ ሄደ። ጭቃው ሲታጠብ ከግራ በር እስከ ኋላ ድረስ አራት ረጃጅም ጭረቶች ወጡ። ጣቶቼን ባሳርፍባቸው ልክ የአራት ጣቴን ስፋት ሆነው አገኘኋቸው። አውሬ የቧጠጣት መሰለኝና "አውሬ!" ብዬ ጮኽኩ።

"አውሬ አይደለም ኢንተላ" አለኝ ወዚር። "በትር ነው።"

ከሼክ ሁሴን የሚመለስ ሰው ሁሉ ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይይዛል። ጣሪያው በዕቃና በሰው ሞልቶ ነበርና ወዚር በትሮቹን በአንድ አስሮ ከመስኮቱ በታች በጎን አንጠለጠላቸው። መንገዱ እያንገጫገጨ ባላዎቹ ብረቱን ሲፍቁ ውለዋል።

አባቴ ሲያይ ደም ሥሩ ተገተረ። "በጎን አትሰር ብዬህ አልነበረም?"

"ብለውኛል ጋሼ" አለ ወዚር መሬት መሬት እያየ። "አሮጊቶቹ በትራችን ከእጃችን አይርቅም አሉኝ። እናቴም አብራቸው ነበረች። እምቢ ማለት አቃተኝ።"

ነገሩ በቁጣ ብቻ ባለቀ ነበር። አቶ ገብረ መድኅን ግን በማግስቱ እጁን እያፋተገ መጣ። የመጣው ብቻውን አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ጎረቤቶችን አስከትሎ ነው። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና ሠርግ የተጠራ ይመስል ፊቱ በራ።

"ይኸውልህ አበልጄ! ለምን ብዬ እከፍላለሁ እያልክ ስትነዘንዘኝ አልነበር? ካሳ ጠይቅ! ጎኗን በሙሉ አዲስ ቀለም ይቀቡልሃል። የጎባ ሰው ሁሉ ይየው!"

አሁን ሳስበው አልፈርድበትም። ያን ጊዜ ጎባ ውስጥ ኢንሹራንስ የገባ የግል መኪና ከአባቴ መኪና ሌላ አልነበረም፤ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ሲከፈል ካላየ ማንንም አያምንም። አባቴ ጎረቤቶቹን አየ። እነሱም አዩት። "እሺ፣ እጠይቃለሁ። ቃሌ ነው" አለ።

"እንግዲያው ሰኞ ጠዋት አሥር አለቃ ዲማን ይዤ እመጣለሁ" አለ አቶ ገብረ መድኅን። "ኢንሹራንስ ከፖሊስ አንድ ወረቀት ይፈልጋል። ማን እንደነዳ፣ እነማን እንደተሳፈሩ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ፣ በቃ።"

እናቴ እኅተማርያም በረንዳ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ወዚር ከመኪናዋ ኋላ እንደቆመ ጨርቁን ደጋግሞ ይጨምቀዋል፤ ከጨርቁ ግን አንዲት ጠብታ ውኃ አትወጣም።

ያን ዕለት እራት ላይ የተባለውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ አንዱም አልገባኝም ነበር።

"ወዚርን ልትሰጥ ነው?" አለች እናቴ።

"ቃል ከአፌ ወጥቷል። በሰው ፊት፣ ለአበልጄ። ምን አፍ አለኝ?"

"ጣቢያ ከገባ ስለ ጭረት ብቻ የሚጠይቁት ይመስልሃል?"

አባቴ የጎረሰውን እያላመጠ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ኢንሹራንስ የሚባለው ሽማግሌ ቀለም ይሰጣል፣ በምትኩ ሹፌር ይወስዳል። አባቴም ወዚርን በቀለም ሊለውጠው ነው። እናቴ የጠየቀችው የምን እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ዓመት በጊኒር በኩል ገጠሩ በመንግሥት ላይ ተነሥቶ ነበር፣ ጥይት የማይሰማበት ሳምንት የለም። ያንን መንገድ የሚመላለስ ጎረምሳ ጣቢያ ገብቶ "ማንን ጫንክ? የት አወረድክ?" ሲባል መልሱ ካላማረ ወራት ሊቀመጥ ይችላል። ስማቸው የተጻፈው አሮጊቶችም ከየመንደራቸው እየተለቀሙ ለምስክርነት ይጠራሉ። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነውና ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። እኔ ግን ያየሁት ዝም ብሎ ሲያላምጥ ነው፤ ጠላሁት።

በነጋታው ወዚርን የመኪናዋ መከላከያ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተሸጉጬ "ቆጡ ላይ ተደበቅ፣ ምሳህን እኔ አመጣልሃለሁ" አልኩት በሹክሹክታ።

ዓይኑ እስኪጠፋ ሳቀ። "ቆጡ ላይ ጤፍ አለ፣ ያስነጥሰኛል።"

"አፍህን ትይዛለህ።"

"እሺ ኢንተላ፣ እይዛለሁ" አለና ራሴን ዳሰሰኝ። ከዚያ እጆቹን ብብቱ ሥር ወሸቀ፤ በርዶት መስሎኝ ሹራቤን አውልቄ ልሰጠው ሞከርኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። አባቴ ቁልፉን አንሥቶ "ሮቤ ሄደን ሽንኩርት ገዝተን እንመጣለን" አለ። እናቴም ሳታማትብ ከጎኑ ገባች። ጎባ ሽንኩርት የጠፋበት ቀን አላውቅም። መኪናዋ እየዘለለች፣ እየቆመች፣ እንደገና እየዘለለች ቁልቁል ወረደች። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ሽንኩርት የለም። ከኋላ ግን አንድ ወጠጤ በግ ታስሮ ይጮኻል። ያውም በሁዳዴ አጋማሽ፣ ፋሲካ የት እንዳለች እንኳ ሳይታወቅ! እኔ ግን በጉን ልብ አላልኩትም፤ ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ነበር። በግራ በኩል፣ ከአራቱ ጭረቶች ዝቅ ብሎ አምስተኛ ጭረት ወጥቷል። ከሁሉም ይሰፋል፣ ጠርዙ ላይ የእንጨት ስንጥር ተሰክቶበታል።

መኪናዋ ታማለች፣ ቁስሏም እየተዛመተ ነው አልኩ። ሮጬ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። "ዝም በይ!" ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ወደ ጓዳ ገባች። ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ። ለወዚር እያለቀሰች መሰለኝና እኔም አለቀስኩ።

ሰኞ ጠዋት ከሳነቴ አምባ የወረደው ጉም ግቢያችንን ሸፍኖታል። ከአጥሩ ወዲያ የብዙ ሴቶች ዝግ ያለ ዜማ ሰማሁ። በቀዳዳ ባይ፣ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ እየወጡ ይመጣሉ፤ ትልልቅ ሴቶች ናቸው፣ ፊት ፊታቸው አዴ ሃጂራ። ሁሉም በአንድ እጃቸው ቀጭን ዘንግ፣ በሌላው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ሣሩን አላየሁትም ማለት ይቻላል። ያየሁት ዘንጉን ነው።

"አባዬ! በትር ይዘው መጡ! ሊመቱህ ነው!"

አባቴ ግቢው መሃል ወንበር ላይ ተቀምጧል። የክት ጋቢውን ለብሷል፣ ጫማው እንደ መስታወት ያበራል፤ ሥራ መሄጃው ሰዓት አልፏል። "በሩን ክፈቺላቸው" አለኝ። አልከፍትም ብዬ ጉልበቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ስጠላው ከርሜ፣ ሊመቱብኝ ነው ስል እንደዚያ መያዜ አሁንም ይገርመኛል። በሩን እናቴ ከፈተችው።

ሴቶቹ ግን አልገቡም። በሩ ላይ እንደቆሙ ዘንጎቻቸውን አጋድመው መንገዱን ዘጉት። ሲንቄ ይባላል ዘንጉ። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ነው፤ ሴቶች ሲንቄ ይዘው ከቆሙ፣ ነገር እዚያው ይበርዳል እንጂ ማንም ወንድ ተራምዶት አያልፍም። ባሌ ውስጥ ይህን የማያውቅ አዋቂ አልነበረም። እኔ ግን አላውቅም ነበር።

"ተክለማርያም ልጄ!" አለች አዴ ሃጂራ። "መኪናህን ያቆሰላት የእኛ በትር ነው። ወዚር አይደለም፣ እኛ ነን። ይኸው በእግራችን መጣን። አራራ!"

"አራራ!" አሉ ሁሉም፤ እርቅ ማለታቸው ነው።

አባቴ ብድግ አለ። ፊቱን ቋጠረ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። "እኔ ቃል ሰጥቻለሁ!" አለ፣ ድምፁ ጎረቤት እስኪሰማ። ልክ በዚያች ሰዓት አቶ ገብረ መድኅን ቦርሳውን በብብቱ ይዞ፣ አሥር አለቃ ዲማን አስከትሎ ከሴቶቹ ኋላ ደረሰ። ሊገባ እግሩን አነሣ፣ የተጋደመውን ሲንቄ አየና መልሶ አስቀመጠው።

አሥር አለቃው ቆቡን አወለቀ። "አቶ ገብረ መድኅን፣ ሲንቄ ቆሞ እያየሁ ወረቀት አልጽፍም" አለ። "ብጽፍ ማታ እናቴ ቤት አታስገባኝም።"

"ኢንሹራንስ እኮ ይህን አያውቅም!" አለ አቶ ገብረ መድኅን ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው።

"ማን ነው እሱ?" አለች አዴ ሃጂራ ዞር ብላ። "ቂመኛ ከሆነ እሱም ይምጣ። ለእሱም እንቆምለታለን፣ ከተክለማርያም ጋር እናስታርቀዋለን።"

መጀመሪያ የሳቀው አሥር አለቃው ነው። ቀጥሎ ሴቶቹ፣ ቀጥሎ እናቴ። አባቴ ፊቱን እንደቋጠረ ሊቆይ ታገለ፤ አልቻለም። ለኢንሹራንስ ሰው መሆን ምስክር በማግኘቴ እኔ ብቻ በቁም ነገር ራሴን እነቀንቅ ነበር።

"አየህ አበልጄ" አለ አባቴ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ። "ቃሌን ያጠፍኩት እኔ አይደለሁም። አስጣሉኝ።" ከዚያም ወደ ሴቶቹ ዞሮ "እሺ፣ ይቅር ብያለሁ" አለ።

እልልታው ጉሙን የገፈፈው መሰለኝ። ሲንቄው ተነሣ፣ ሴቶቹ ገቡ። እናቴ ጾመኛ ነችና ሳትቀምሰው ለፋሲካ ያጠራቀመችውን ቅቤ ከነቅሉ አውጥታ ሰጠቻቸው። አዴ ሃጂራ በመዳፏ ዝቃ፣ እየመረቀች፣ ጭረቶቹን አንድ በአንድ ቀባቻቸው፤ እርጥቡን ሣርም መከላከያው ላይ አሰረች። ብረቱ ቅቤ ጠጥቶ ሲያበራ ጭረቶቹ ጠፉ። መኪናዋ ዳነች አልኩ።

አቶ ገብረ መድኅን መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። "ቆይ እንጂ፣ አራት አልነበሩም እንዴ? አምስት ቦታ ነው የቀባችው።"

አባቴ ሳል ያዘው። እናቴ ለእንግዶቹ ወተት ላመጣ ብላ ተሰወረች። አዴ ሃጂራ ብቻ መቅባቷን ቀጠለች። አባቴ በጉን ለሴቶቹ ሰጣቸው፤ በጉም እነሱ ቤት በእነሱ ቢላ ሊታረድ ከነነፍሱ ከግቢው ወጣ። ቁልፉን ደግሞ ለወዚር ወረወረለት። ወዚር ጭኑ ላይ አስቀመጠኝና ክላክሱን እስክጠግብ አስነፋኝ፤ ከዚያ ቀን በኋላ እንደዚያ የጠገብኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ለብዙ ዓመታት ይህን ታሪክ ያወራሁት፣ ሴቶች አባቴን ያሸነፉበት ቀን እያልኩ ነው። አባቴ ሲሰማ ይስቃል እንጂ አንድም ቀን አላረመኝም። ያረመኝ በአባቴ ተዝካር ዕለት ወዚር ነው። ፂሙ ነጭ ሆኗል፣ የልጅ ልጆች አሉት። ድንኳን ጥግ አጠገቡ ተቀምጬ ያንኑ ወሬ ሳነሣ እጄን ያዘ።

"አምስተኛው ጭረት የማን እንደሆነ አታውቂም እንዴ ኢንተላ?"

"አላውቅም።"

"የአባትሽ ነው። የእናቴ የአጥር በር ምሰሶ ላይ ነው የጫራት። እሑድ ዕለት።" ዓይኑ እስኪጠፋ ሳቀ። "ምሰሶውን ጥሎ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ጭቃ ላይ ቆመ። ግባ ብትለው አልገባም። እናቴ እስክትሞት እየደጋገመች ያወራችልኝ ነው። 'አዴ ሃጂራ፣ ነገ ሲንቄዎን ይዘው ይምጡብኝ' አላት። እሷም 'ልትምርልኝ ከመጣህ እዚሁ አትምረውም?' አለችው። 'እኔማ ምሬው ነው የመጣሁት፣ ለአበልጄ እምቢ የምልበት አፍ ነው ያጣሁት' አላት። 'አፍ ይስጡኝ። ደግሞ ይጩኹብኝ፣ ሰው ሁሉ ይስማ።'"

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየኝ ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። የተወለወለው ጫማ፣ የክት ጋቢው፣ በጾም የተገዛው በግ፣ ያልተገዛው ሽንኩርት፣ የእናቴ ትከሻ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡብኝ። ሃምሳ ዓመት የተሸከምኩት አንድ የማላውቀው ሸክም ከላዬ ወረደ። ከአባቴና ከወዚር አንዱን ምረጪ ሳልባል የቀረሁት፣ ለካ ድሮውንም መምረጥ ስላላስፈለገኝ ነበር።

ሮቤ ገበያ ዳር፣ ባለ ባጃጁ አሁንም አልሄደም። እጅጌው አመድማ ቀለም ነክቶታል። ስልኬን አንሥቼ መልሼ ደወልኩ።

"ተዪው እህቴ፣ ታርቀናል" አልኳት።

"ከማን ጋር?" አለች ልጅቱ ግራ ገብቷት። "ያደረሰው ሰው ስሙ ማን ይባላል?"

ሰውዬውን አየሁት። እጁ አሁንም ጭረቱ ላይ ነው።

"አልጠየቅሁትም" አልኩና ዘጋሁት።